«ተበላሽቷል» የተባለው ጠርሙስ፦ ስለ ርካሽ ጭሳም ዊስኪ የሚወራውና እውነታው

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ማታ ደወለልኝ። ከሱፐርማርኬት በርካሽ የገዛውን፣ አይላ ከምትባለው የስኮትላንድ ደሴት የመጣ ሲንግል ሞልት ዊስኪ ከፍቶ አሽትቶታል። «ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ተበላሽቷል። ክሊኒክ ክሊኒክ ይላል። ርካሽ መግዛቴ ነው!» አለኝ። ሳይደውልልኝ በፊት ግማሹን ማጠቢያው ውስጥ ደፍቶታል። አንጀቴ አረረ።

ለንደን ባር ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ይህን ወሬ ከሐበሻም ከፈረንጅም ሰምቼ ሰልችቶኛል። ያ የክሊኒክ ሽታ፣ ቁስል ላይ የሚቀባው አዮዲን የሚመስለው፣ የጭሳሙ የአይላ ዊስኪ ዋና መለያ ነው። ሰው ውድ ከፍሎ የሚፈልገውም እሱኑ ነው።

«የሱፐርማርኬት ዊስኪ እውነተኛ ሲንግል ሞልት አይደለም»

ከሁሉም በላይ የምታናድደኝ ይቺ ናት። የስኮትላንድ ዊስኪ በሕግ የታሰረ መጠጥ ነው። እ.ኤ.አ. የ2009 ደንብ ለሁሉም አንድ ነው። ሲንግል ሞልት ለመባል ከገብስ ብቅል ብቻ መሠራት አለበት። በአንድ ፋብሪካ፣ ልክ እንደ አረቄ በድስት ይወጣል። ከዚያ እዚያው ስኮትላንድ በኦክ በርሜል ቢያንስ 3 ዓመት ይተኛል። ሲታሸግ አልኮሉ ከ40 በመቶ አያንስም። ከ2012 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ጠርሙስ ውስጥ የሚገባውም ስኮትላንድ ውስጥ ብቻ ነው። ሕጉ ለሱፐርማርኬት ብሎ አንዲት መስመር አልቀነሰም።

ከሱፐርማርኬቶቹ ሊድል ቤን ብራከን፣ አልዲ ግሌን ማርኖክ እያሉ ይሸጣሉ። በእነዚህ ስሞች የሚጠራ ፋብሪካ የለም። ስሙ የሱቁ ነው፤ መጠጡን የሚያወጣው ሌላ ነው። አይላ ደሴት ላይ ያሉት ፋብሪካዎች አሥር ገደማ ናቸው። ጠርሙሱ ላይ «አይላ ሲንግል ሞልት» ከተባለ፣ ከእነሱ ከአንዱ የወጣ ነው። የትኛው እንደሆነ ብቻ አይነገራችሁም። ዋጋው የሚወርደው ማስታወቂያ ስለሌለው፣ ሱቁ በብዛት ስለሚገዛ፣ አልኮሉም ዝቅተኛው 40 ላይ ስለሚቆም ነው። አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜውም አይጻፍም፤ ብዙ ጊዜ ወጣት ስለሆነ ነው።

ለገና አራት እንግዶች ቤቴ መጥተው ነበር። አንዱን የሱፐርማርኬት፣ አንዱን ዋጋው እጥፍ የሆነ፣ ሁለቱንም ጭሳም፣ ስም ሳልነግራቸው ቀዳሁላቸው። ሁለቱ ርካሹን መረጡ፣ ሁለቱ ውዱን። አራቱም የተስማሙበት አንድ ነገር ነበር፤ ውዱ ከተዋጠ በኋላ ጣዕሙ አፍ ውስጥ ይቆያል፣ ርካሹ ቶሎ ይጠፋል። ልዩነቱ ይሄ ነው። እውነተኛና ሐሰተኛ የሚያሰኝ ነገር የለውም።

«ጭሱ ከበርሜሉ ነው»

ይህን የሚሉኝ ብዙዎቹ የእኛው ሰዎች ናቸው፣ ምክንያቱም ይገባኛል። እናቶቻችን እንስራውን በወይራ አጥነው ነው ጠላ የሚጠምቁት። እዚህ ግን የሚታጠነው ዕቃው ሳይሆን ብቅሉ ነው። እኛ ብቅል ፀሐይ ላይ እናሰጣለን። አይላ ላይ ዝናብና ንፋስ ነው፣ ዛፍም ብዙ የለም። ስለዚህ ረግረጉን ይቆፍራሉ። ለሺህ ዓመታት የተከማቸ፣ በቅጡ ያልበሰበሰ ሣርና ሥራሥር ነው፤ ፒት ይሉታል። እንደ ጡብ ቆርጠው ያደርቁትና እንደ ኩበት ያነዱታል። እርጥቡ ብቅል ከላይ ሆኖ ጭሱን ይጠጣል። ከዚያ ወዲያ መፍጨቱም መጥመቁም ጭሱን ሙሉ በሙሉ አያስለቅቀውም። በርሜሉ በበኩሉ ቫኒላና ጣፋጭነት ይጨምራል።

«ወጣት ከሆነ ጥሬ ነው»

ለጭሳም ዊስኪ ይህ አይሠራም። በርሜል ውስጥ በቆየ ቁጥር ጭሱ እየለዘበ ይሄዳል። ጭስ ፈልጋችሁ ከሆነ ወጣቱ ይሻላችኋል፤ ርካሹ ጠርሙስ የሚክሳችሁም እዚህ ላይ ነው።

«ጠቆር ያለው ያረጀ ነው» ካራሜል ቀለም መጨመር በሕግ የተፈቀደ ነው። በቀለም አትፍረዱ።

«ሲንግል ማለት ከአንድ በርሜል» ከአንድ ፋብሪካ ማለት ነው።

«የአይላ ዊስኪ ሁሉ ጭስ ነው» አይደለም። እዚያው ደሴት ላይ ያለው የቡናሃቨን ፋብሪካ አብዛኛው ምርት ጭስ የለውም።

«ውኃ ያበላሸዋል»

ማነው ይህን ያስተማራችሁ? ስዊድን ውስጥ በ2017 ተመራማሪዎች በኮምፒውተር አስልተው አሳይተዋል። ጓያኮል የሚባለው የጭስ ሽታ ያለው ንጥረ ነገር ዊስኪው በውኃ ሲቀጥን ወደ ላይ፣ ወደ አፍንጫችሁ ይወጣል። ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ውሰዱ። ሁለት ጣት አትቅዱ፣ አንድ ጣት ይበቃል። አሥር ደቂቃ ተዉት። ስታሸቱ አፋችሁን ከፈት አድርጉ፤ አለዚያ አልኮሉ አፍንጫችሁን ይወጋል። አንዴ ፉት በሉና አፋችሁ ውስጥ አዙሩት። መጀመሪያ አመድና አዮዲን፣ ቀጥሎ ሎሚ፣ መጨረሻ ላይ በርበሬ የሚመስል ነገር ምላሳችሁ ላይ ታገኛላችሁ። ከዚያ በማንኪያ ጫፍ ጠብ ጠብ አድርጋችሁ ውኃ ጨምሩና እንደገና አሽቱ። በረዶ ግን አታስገቡ፤ ቅዝቃዜ ሽታውን ይዘጋዋል።

ጠርሙሱን አታስተኙት፣ አልኮሉ ቡሹን ይበላዋል። ቁሙን፣ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ አስቀምጡት። ከግማሽ በታች ሲወርድ አየር ስለሚገባው ጭሱ ይደክማል። የአክስቴ ልጅ ጋ የቀረው ግማሽ ጠርሙስ ነው፤ ቅዳሜ ሄደን አብረን እንጨርሰዋለን።