የቻይና ዕቃ ወደ ባሕር ዳር፦ ከንግድ ኩባንያዎችና ከአቅራቢዎች ጋር ያለው አሠራር

በባሕር ዳር ሱቆች የሚሸጡ የቻይና ዕቃዎች፣ ከውሃ መሳቢያ ሞተር እስከ ሶላር ፓነልና የወጥ ቤት ዕቃ፣ በሁለት መንገድ ወደ ከተማዋ ይደርሳሉ። የቆየው መንገድ ከመርካቶ ጅምላ ሻጭ መግዛት ነው። ሌላው ነጋዴው ራሱ የአስመጪነት ፈቃድ አውጥቶ ከቻይና አቅራቢ ጋር በቀጥታ የሚዋዋልበት ሲሆን፣ ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው እሱን ነው።

አቅራቢው ዕቃውን ራሱ የሚሠራ ፋብሪካ ወይም የንግድ ኩባንያ፣ በነጋዴው አነጋገር «ትሬዲንግ»፣ ሊሆን ይችላል። ትሬዲንጉ ማምረቻ የለውም፤ ከተለያዩ ፋብሪካዎች ገዝቶ ዕቃውን በአንድ ኮንቴይነር ያሰባስባል፣ የወጪ ንግድ ሰነዱን ያዘጋጃል፣ ትርፉንም በዋጋው ላይ ይጨምራል። ከፋብሪካ መግዛት ሁልጊዜ ይረክሳል የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ቢሆንም ግማሽ እውነት ብቻ ነው። በቻይና መደበኛው የተጨማሪ እሴት ታክስ 13 በመቶ ሲሆን፣ ለብዙ ዕቃዎች ዕቃው ወደ ውጭ ሲላክ ታክሱ በሙሉ ወይም በከፊል ለላኪው ይመለሳል፤ ትሬዲንጉ ከዚህ ተመላሽ ስለሚያተርፍ ለፋብሪካው ዋጋ የተቃረበ ዋጋ ሊሰጥ ይችላል። ፋብሪካ ደግሞ ከተወሰነ መጠን በታች ትእዛዝ አይቀበልም። ለፎገራ ሩዝና ሽንኩርት አምራቾች አንድ ዓይነት የውሃ መሳቢያ ሞተር ብቻ ኮንቴይነር ሙሉ የሚያመጣ አስመጪ ከፋብሪካ ቢገዛ ያዋጣዋል፤ ሞተሩን ከቱቦ፣ ከመርጫና ከመለዋወጫ ጋር እየቀላቀለ ሱቅ የሚሞላው ግን ያለ ትሬዲንግ አይሆንለትም። ዠጂያንግ ክፍለ ሀገር ውስጥ ያለችው ዪዉ ከተማ የገነነችው በዚሁ የቅልቅል ጅምላ ንግድ ሲሆን፣ ጭነቷ በብዛት የሚወጣው በኒንግቦ ወደብ በኩል ነው። ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጓንዡ በዓመት ሁለት ጊዜ በሚካሄደው የካንቶን የንግድ ትርዒት ላይም ፋብሪካውና ትሬዲንጉ ጎን ለጎን ስለሚቆሙ፣ ማን ማን እንደሆነ በዓይን መለየት ያስቸግራል።

የሚለየው ወረቀቱ ነው። እያንዳንዱ የቻይና ድርጅት አኃዝና ፊደል የተቀላቀለበት ባለ 18 ምልክት መለያ ቁጥር ያለው የንግድ ፈቃድ አለው፤ በፈቃዱ ላይ የተዘረዘረው የሥራ መስክ ማምረትን ካላካተተ «ፋብሪካችን» እየተባለ የሚላከው ፎቶ የሌላ ሰው ፋብሪካ ነው ማለት ነው። ቁጥሩን ለሕዝብ ክፍት በሆነው የመንግሥት መዝገብ ማመሳከር ይቻላል። ትሬዲንግ መሆኑ በራሱ ነውር አይደለም፤ ትሬዲንግ ሆኖ ፋብሪካ ነኝ የሚል ግን ሞተሩ ሲበላሽ ኃላፊነቱን የሚወስድ አያስገኝም። በፕሮፎርማው ላይ የተጻፈው ስም፣ የውሉ ማኅተምና የባንክ ሒሳቡ ባለቤት አንድ መሆን አለባቸው፤ ገንዘቡን በግለሰብ ስም ላኩ የሚል ጥያቄ ሲመጣ ግብይቱን ማቆም ይሻላል።

በቻይና የተለመደው 30 በመቶ ቀብድ ከፍሎ ቀሪውን ከመጫኑ በፊት ወይም የጭነት ሰነዱ ቅጂ ሲደርስ ማጠናቀቅ ነው። ከኢትዮጵያ የሚከፈለው ግን በባንክ በኩል፣ ብዙ ጊዜ ኤልሲ (ሰነዱ ሲሟላ ለሻጩ እንደሚከፍል ባንኩ የሚገባው ግዴታ) ተከፍቶ ነው። ኤልሲ የተሟላ ዋስትና ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ባንኩ የሚመረምረው ሰነድን እንጂ ዕቃን ስላልሆነ፣ ወረቀቱ ከተሟላ የተበላሸ ሞተርም ይከፈልበታል። ስለዚህ ናሙና ማስቀረትና ዕቃው ከመታሸጉ በፊት በገለልተኛ ተቆጣጣሪ ማስፈተሽ ወጪው ቢከብድም አይቀሬ ነው። የምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ፕሮፎርማው በወጣበትና ክፍያው በተፈጸመበት ቀን መካከል የሚኖረው የብር ልዩነትም በሒሳቡ ውስጥ መግባት አለበት።

ጭነቱ ጅቡቲ ከደረሰ በኋላ በመልቲሞዳል ሥርዓት እስከ ደረቅ ወደብ (ከባሕር ርቆ ኮንቴይነር የሚራገፍበትና የጉምሩክ ሥርዓት የሚፈጸምበት ቦታ) በአንድ ሰነድ ይጓጓዛል። ዋናው ደረቅ ወደብ ሞጆ ነው፤ ለሰሜን ምዕራቡ አካባቢ የተቋቋመው የወረታ ደረቅ ወደብ ግን ከባሕር ዳር በጎንደር መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚርቅ፣ መዳረሻው የትኛው እንደሚሆን አስቀድሞ መወሰን አለበት። ቀረጡ የሚሰላው የዕቃው ዋጋ፣ መድንና የማጓጓዣ ወጪ ተደምሮ ሲሆን፣ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስና 10 በመቶው ሱር ታክስ (በገቢ ዕቃ ላይ የሚጣል ተጨማሪ ግብር) በየተራ ከእነሱ በፊት በተደመረው ላይ ይደራረባሉ። አቅራቢው «ዋጋውን ዝቅ አድርጌ ልጻፍ» ቢል ጉምሩክ የራሱ የዋጋ መረጃ ስላለው ጥቅሙ ወደ ቅጣት ይዞራል። የመስኖ መሣሪያዎች የቀረጥ ማበረታቻ ስለሚያገኙም፣ አቅራቢው በሰነዱ ላይ የሚያሰፍረውን የኤችኤስ ኮድ (የቀረጡ ምጣኔ የሚወሰንበትን የዕቃ መለያ ቁጥር) ጉምሩክ ከሚያስፈጽመው ትራንዚተር ጋር ሳያስማሙ ማስጫን አይገባም።

የጊዜ ጉዳይ በተለይ ለጣና ዳርቻ ነጋዴ ይከብዳል። የውሃ መሳቢያ ሞተር የሚፈለገው ክረምቱ ወጥቶ የበጋ መስኖ ሲጀመር ነው። በቻይና አዲስ ዓመት፣ በእኛ ጥር አጋማሽና የካቲት አጋማሽ መካከል፣ ፋብሪካዎች ለሳምንታት ይዘጋሉ፤ ሲከፈቱም የተጠራቀመ ትእዛዝ ይጠብቃቸዋል። በሰኔ የታዘዘ ሞተር ለኅዳር ገበያ ላይደርስ ስለሚችል፣ ልምድ ያላቸው አስመጪዎች ከተጠራቀመው ወረፋ ለመቅደም ትእዛዛቸውን ከበዓሉ በፊት አስይዘው ቀብዱን ይከፍላሉ።