የፍለጋ ጥልቀትና የቼዝ ፕሮግራም ጉልበት፦ ኮምቦልቻ ላይ በአንድ ላፕቶፕ

የቼዝ ፕሮግራም አርቆ ማየቱ የሚለካው በግማሽ እርምጃ ነው፤ ነጭ አንድ ጥቁር አንድ ሲጫወቱ ጥልቀቱ 2 ይሆናል። ጨዋታው መሃል ላይ ሲደርስ ባለተራው በአማካይ 35 ያህል አማራጭ ስላለው፣ 4 ግማሽ እርምጃ ማየት 1.5 ሚሊዮን አቀማመጥ ማገላበጥን ይጠይቃል። አልፋ-ቤታ የሚባለው የመቁረጫ ዘዴ፣ ጥሩው እርምጃ ሁልጊዜ ቀድሞ ከቀረበለት፣ ይህንን ወደ 2,449 ያወርደዋል።

ተጨማሪ ጥልቀት ምን ያህል ጉልበት እንደሚሰጥ የሚለካው ሙከራ ቀላል ነው፦ አንዱን ፕሮግራም ከራሱ ጋር ማጋጠም፣ ለአንደኛው 6፣ ለሁለተኛው 7 ጥልቀት ሰጥቶ። ዩኒክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ከፈጠሩት አንዱ የሆነው ኬን ቶምፕሰን በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ቤል በተባለችው የቼዝ ማሽን ሲሞክረው እያንዳንዱ ተጨማሪ ግማሽ እርምጃ 200 ኤሎ (የተጫዋች ጉልበት የሚለካበት ነጥብ) ገደማ ጨመረ። ይህ ከ100 ጨዋታ 76 ነጥብ እንደማግኘት ነው። ጥልቀቱ እየጨመረ ሲሄድ ግን አቻ ይበዛል፣ ትርፉም ይሳሳል።

ጥልቀት የሚጠቅመው ለምን እንደሆነ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የወጣ ሾፌር ያውቀዋል፦ ከመታጠፊያው ወዲያ ያለው መኪና አይታይም። ጥልቀት 7 ላይ የቆመ ፕሮግራምም ፈረሱን በልቶ ይደሰታል፤ በ8ኛው ንግሥቱ እንደምትበላ አላየማ! ስለዚህ ነው ፕሮግራሞች መበላላቱ እስኪበርድ ፍለጋውን የሚቀጥሉት።

በኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኮምፒውተር ለሚማር ተማሪ ይህ ርካሽ ሙከራ ነው። ስቶክፊሽ የተባለው የቼዝ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። ገደቡ ጥልቀት እንጂ ሰዓት ስላልሆነ፣ በአንድ ኮር (የማቀነባበሪያው አንድ ክፍል) ብቻ እስከሠራ ድረስ አሮጌ ላፕቶፕም ያንኑ እርምጃ ይመርጣል፤ ይዘገያል እንጂ። መብራት ቢሄድም የተቋረጠውን ጨዋታ ብቻ መድገም ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቁጥሩ ላይ ነው። 20 ጨዋታ አጫውቶ «7 ከ6 ይበልጣል» ማለት አያስኬድም፤ ስህተቱ ወደ ላይም ወደ ታችም ከ100 ኤሎ በላይ ሊሆን ይችላል። በ1,000 ጨዋታ ወደ 20 ይወርዳል። መክፈቻውን መለዋወጥም ግድ ነው፤ ያለዚያ ሁለቱ ቅጂዎች አንዱኑ ጨዋታ ሺህ ጊዜ ይደግሙታል። ቀለም እያቀያየሩ ማጫወትም አይረሳ። የአንዱን ፕሮግራም ጥልቀት 20 ከሌላው ጥልቀት 20 ጋር ማወዳደር ደግሞ ከንቱ ነው፤ የዛሬዎቹ ደካማ የመሰላቸውን መንገድ ያሳጥራሉ፣ አደገኛውን ያስረዝማሉ።

ሰንጠረዥ በሚባለው በጥንቱ የአገራችን ቼዝ ይህን መለኪያ ለመጠቀም ትንሽ መታገስ ያስፈልጋል። በመክፈቻው፣ በወረራው፣ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ስለሚያንቀሳቅሱ የሚቆጠር ግማሽ እርምጃ የለም፤ ቆጠራው የሚጀምረው አንድ ጠጠር ከተበላ በኋላ ነው።