የጌጥ ዳክዬ ስለ ማርባት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለእንቁላል ወይም ለሥጋ ሳይሆን ለመልካቸው ተብለው የሚያዙ የውሃ ወፎች ብዙ ናቸው፦ የምሥራቅ እስያው ማንዳሪን ዳክዬ፣ የሰሜን አሜሪካው ካሮላይና ዳክዬ፣ ልዩ ልዩ ዝዮችም አሉ። አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ግቢያቸውን በመረብ ሸፍነው የሚያረቧቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። እነዚህ ወፎች ሰው ቤት ቢፈለፈሉም ጠባያቸው የዱር ነው። ስለ እነሱ የሚነገረው ስህተት አብዛኛው የሚመነጨው ዶሮን በለመድንበት ዓይን ስለምናያቸው ይመስለኛል።

«ትልቅ ኩሬ የሌለው ሰው ዳክዬ አይሞክር»

ለአንድ ጥንድ ማንዳሪን ሁለት ሜትር ገደማ ስፋት ያላት ገንዳ ትበቃለች። ከስፋቱ ይልቅ ንጽሕናው ይበልጣል። ዳክዬ ጭንቅላቱን ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ መንከር አለበት፤ ዓይኑንና የአፍንጫውን ቀዳዳ የሚያጥበው እንዲያ ነው። ይህን ያላገኘ ዳክዬ ዓይኑ ይታመማል፣ ላባውም ይቆሽሽና ውሃ ማስገባት ይጀምራል። ጠልቀው የሚመገቡት ዝርያዎች ግን ጥልቀትም ይፈልጋሉ።

ውሃው ሰው ከሚገምተው በላይ ቶሎ ይበላሻል፤ ዳክዬ የሚበላውም የሚጸዳዳውም እዚያው ነውና። «አረንጓዴ ቢሆንም ተፈጥሯዊ ነው» የሚሉ አሉ። በሙቀት ወራት የሚበሰብስ ነገር በተከማቸበት የቆመ ውሃ ውስጥ ቦቱሊዝም የተባለውን ሽባ የሚያደርግ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ መርዙን ያመርታል። በሞተ ወፍ ላይ የፈሉ ትሎች መርዙን በሰውነታቸው ይይዛሉ። እነዚያን ትሎች የለቀመ ዳክዬ እግሩ ይዝላል፣ ቀጥሎ አንገቱ ይከዳዋል፣ ጭንቅላቱን ማንሳት አቅቶት ይሰምጣል። ስለዚህ ገንዳ ሲሠራ መጀመሪያ የሚታሰበው ማፍሰሻው ነው። እኔ ማፍሰሻ ከሌለው ውብ ኩሬ ይልቅ ማፍሰሻ ያለው አስቀያሚ ገንዳ እመርጣለሁ።

«ወንዱ ቀለሙ ከጠፋ ታሟል»

የእርባታው ወቅት ሲያልቅ፣ በሰሜኑ የዓለም ክፍል ከሰኔ አካባቢ ጀምሮ፣ የማንዳሪን ወንድ ያን ሁሉ ጌጥ አውልቆ ግራጫና ቡናማ ይሆናል። ሴቷን ይመስላል። ጤነኛ ነው፤ ላባውን እየለወጠ ነው። ለመለየት ምንቃሩን ማየት ነው፦ የወንዱ ቀይ እንደሆነ ይቆያል። በዚህ ጊዜ የክንፉን ትልልቅ ላባዎች ባንዴ ስለሚጥል ለአንድ ወር ያህል መብረር አይችልም፤ መደበቅም ይወዳል። ቁጥቋጦ ወይም ረጅም ሣር የሌለበት ግቢ ያኔ ያስጨንቀዋል። በመኸር ቀለሙ ይመለሳል።

ዓመቱን ሙሉ ወንዱና ሴቷ አንድ ዓይነት የሚመስሉ ዝርያዎች ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው። የሃዋዩ ዝይ፣ ኔኔ የሚሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1950 አካባቢ በዓለም ላይ ሠላሳ ገደማ ብቻ ቀርቶ ነበር። ፒተር ስኮት በ1946 እንግሊዝ ውስጥ ስሊምብሪጅ ላይ ወዳቋቋመው የውሃ ወፎች ማዕከል በ1950 ሁለት ኔኔ ተላኩለት፤ ጥንድ ናቸው ተባለ። በቀጣዩ ፀደይ ሁለቱም ጎጆ ሠርተው ሁለቱም እንቁላል ጣሉ! ወንድ ከሃዋይ እንደገና ማስመጣት ግድ ሆነ። ከዚያ የተፈለፈሉት ዘሮች በ1962 ወደ ማዊ ደሴት ተመልሰው ተለቀዋል። ወፍ አዋቂ የነበሩት እነዚያ ሰዎች ከተሳሳቱ፣ ከገበያ ገዝቶ «ጥንድ ነው ብለውኛል» ማለት አያዋጣም። በእርግጠኝነት የሚታወቀው ልምድ ያለው ሰው ብልቱን አይቶ ሲለየው ወይም ከላባው የዲኤንኤ ምርመራ ሲደረግ ነው።

«ማንዳሪን አንዴ ከተጣመረ እስከ ሞት አይለያይም»

በቻይና የጋብቻ ታማኝነት ምልክት ነው፤ ምልክትነቱ ይቆይለት። ወፉ ግን በአብዛኛው ለአንድ ወቅት ነው የሚጣመረው፤ ሴቷ እንቁላል ታቅፋ እያለች ወንዱ ትቷት ይሄዳል። አርቢው ይህን ማወቁ የሚጠቅመው ወንዶች በበዙበት ቦታ ነው። ጥንድ ያላገኙ ወንዶች አንዷን ሴት እየተፈራረቁ ያሳድዷታል፤ ውሃ ውስጥ ከያዟት ሊያሰምጧት ይችላሉ። ትርፍ ወንድ ካለ ለብቻው ይቀመጥ።

«ለዶሮ ጫጩት የሚሆን መኖ ለዳክዬም ይሆናል»

የዳክዬ ጫጩት በኪሎ መኖ ወደ 55 ሚሊግራም ናያሲን ይፈልጋል፤ ለእንቁላል ጣይ ዶሮ ጫጩት ከሚመከረው እጥፍ ያህል ነው። ይህ ቫይታሚን ያነሰው ጫጩት እግሩ ይጎብጣል፣ ቁርጭምጭሚቱ ያብጣል፣ በመጨረሻ መቆም ያቅተዋል። የዳክዬ መኖ ካልተገኘ የቢራ እርሾ መጨመር የተለመደ መፍትሔ ነው።

ዳቦ ይወዳል፤ መውደዱ ግን ለጤናው ማስረጃ አይሆንም። ኃይል ሰጪው የበዛ መኖ ጫጩቱን ያለ ልክ ያፈጥነዋል። የክንፉ ላባ ከአጥንቱ ቀድሞ ይከብድና መገጣጠሚያው ወደ ውጭ ይዞራል። ገና እንደጀመረ ክንፉን በትክክለኛ ቦታው አጥፎ ለጥቂት ቀናት ማሰር ብዙ ጊዜ ያድነዋል፤ ካደገ በኋላ ግን አይቃናም።

«ጎጆውን ራሱ ይሠራል»

ማንዳሪንና ካሮላይና በዛፍ ሽንቁር ውስጥ የሚጥሉ ናቸው። ሽንቁሩን አይቆፍሩም፣ ገለባም አያመጡም፤ ሴቷ የደረቷን ለስላሳ ላባ ብቻ ታነጥፋለች። መግቢያው 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ሣጥን ሰቅሎ ታቹን በእንጨት ፍቅፋቂ መሙላት የአርቢው ድርሻ ነው። ከመግቢያው በታች በውስጥ በኩል ጫጩቶቹ ተንጠላጥለው የሚወጡበት ሸካራ ነገር መኖር አለበት።

«እንቁላሉ ማሽን ውስጥ ከገባ ሥራው አለቀ»

ሥራው የሚጀምረው ሲፈለፈሉ ነው። በ37.5 ዲግሪ የማንዳሪን እንቁላል ከ28 እስከ 30 ቀን ይፈጅበታል፤ እስከዚያ ድረስ እርጥበቱን መከታተል ብቻ ነው። የዱር ዳክዬ ጫጩት ግን እንደ ዶሮ ጫጩት መኖ አይቶ አይሮጥም። ይደነግጣል፣ ጥግ ይይዛል፣ አንዳንዱ ምንም ሳይቀምስ ይሞታል። ልምድ ያላቸው አርቢዎች ዘዴ አላቸው፦ በዕድሜ የሚቀራረብ አንድ የቤት ዳክዬ ጫጩት ይጨምሩበታል፤ እሱ ሲበላ አይተው ይለምዳሉ። ሣጥኑም ክዳን ይፈልጋል፤ ከዛፍ ላይ ለመዝለል የተፈጠረ ፍጥረት ስለሆነ ባልታሰበ ሰዓት ዘሎ ይወጣል። «ዳክዬ አይደል» ብሎ ውሃ ውስጥ መልቀቅም አደገኛ ነው። እናቱ የምታሞቀው ጫጩት ሲረጥብ ሥሯ ገብቶ ይደርቃል፤ የማሽኑ ጫጩት ግን በቀላሉ ይርሳል፣ ይበርደዋል።

«ሁሉንም ባንድ ላይ ማስገባት ይቻላል፣ ቦታው ከበቃ»

ዳክዬዎች የዝርያ ድንበር ተሻግረው ይዳቀላሉ፤ ካሮላይና ዳክዬና ማላርድ የተባለው የተለመደው የዱር ዳክዬ በዚህ የታወቁ ናቸው። እንዲህ የሚዳቀል ወፍ ከግቢ ካመለጠ ጉዳቱ ሰፊ ነው። ረዲ ዳክ የተባለው የአሜሪካ ዳክዬ ከስሊምብሪጅ አምልጦ ብሪታንያ ውስጥ ተራባ፣ ስፔን ደረሰ፣ እዚያ ከነበረው ብርቅዬ ነጭ ራስ ዳክዬ ጋር ተዳቀለ። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ እያደነች ለማጥፋት ተገደደች።

ጠበኝነትም አለ። ከገፈርሳና ከሱሉልታ እስከ ባሌ ተራሮች የሚኖረው፣ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የማይገኘው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ በአውሮፓ አርቢዎች ዘንድም አለ። አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ ሲራመድ የዋህ ይመስላል፤ በእርባታ ወቅት ግን አጠገቡ ያሉትን ዳክዬዎች ያሳድዳል። ጥንዱ ለብቻው መያዝ አለበት። በሐይቆቻችን ዳር የለመድነው የግብፅ ዝይ ደግሞ ከሱም የባሰ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በወራሪ ዝርያነት ስለተመዘገበ ማርባቱም መሸጡም ክልክል ነው።

«መረብ ካለ ከሁሉ ነገር ይጠብቃል»

ጭልፊትን ይከላከላል። አይጥና ቀበሮ ከታች ቆፍረው ስለሚመጡ ሽቦው መሬት ውስጥ መቀበር አለበት። የሚያልፍ የዱር ወፍ ኩስ ግን በመረብ አይቆምም፤ የወፍ ጉንፋን የሚገባውም በዚያ ነው። መኖው የሚቀመጥበት ቦታ ጠንካራ ጣሪያ ይኑረው።

«ገንዘብ ከከፈልኩ ማንም አይጠይቀኝም»

አሜሪካ ላለ አንባቢ፦ ካሮላይና ዳክዬ በፌዴራል ሕግ የሚጠበቅ ወፍ ነው። በሰው እጅ የተፈለፈለ ጫጩት 6 ሳምንት ሳይሞላው ከተፈቀዱት መለያዎች አንዱ፣ ለምሳሌ መገጣጠሚያ የሌለው የእግር ቀለበት፣ ሊደረግለት ይገባል። ለመሸጥ ደግሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። ማንዳሪን የአገሩ ተወላጅ ስላልሆነ ይህ ደንብ አይመለከተውም፤ የየክፍለ ግዛቱ ሕግ ግን ስለሚለያይ ከመግዛት በፊት መጠየቅ ነው።