ጌም የማታጫውት ካርድ ማን ይገዛል?

ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ አጠገብ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ባለፈው አንድ ልጅ ከአሮጌ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር የተነቀለች ግራፊክስ ካርድ (ስክሪን ላይ ምስል የምታወጣዋ ዕቃ) ይዞ መጣ። ትንሽ ናት። ፋን የላትም። አራት የስክሪን መሰኪያ ተደርድሮባታል። ማትሮክስ ይላል ጽሑፏ፤ የሠራት ኩባንያ ስም ነው። «አንተ፣ ይቺ ጌም ታጫውታለች?» አለኝ። (ልጁ በዕድሜ ልጄ ይሆናል፤ ግን ድሬ ውስጥ «እርስዎ» ብሎ ነገር የለም።) «አትልፋ» ስለው ሳቀ። አብረውት የቆሙትም እያንዳንዳቸው አንዳንድ ነገር ጣል አደረጉ። ያን ቀን ሥራ በዝቶብኝ ዝም አልኩ። አሁን ልመልስ።

«ጌም ካላጫወተች ምን ትሠራለች?»

የባቡር መቆጣጠሪያ ክፍልን አስቡ። አንድ ሠራተኛ ፊት ስድስት ስምንት ስክሪን ይደረደራል። አንዱ የሐዲዱን ካርታ፣ ሌላው ካሜራ፣ ሌላው የኤሌክትሪኩን ሁኔታ ያሳያል። ምስሉ እንደ ጌም አይሮጥም። የሚፈለገው ሁሉም ሌት ተቀን ሳይጠፋ እንዲበራ ነው። ዲ1450 የምትባለው የማትሮክስ ካርድ ለዚህ ነው የተሠራችው፤ አራት እንደሷ ያሉ ካርዶች በገመድ ከተያያዙ 16 ስክሪን እኩል ይሄዳል።

«ማትሮክስ እኮ ድሮ ሞቷል»

ከጌም ነው የወጣው እንጂ አልሞተም። በ1976 በካናዳ፣ ሞንትሪያል አካባቢ ተመሠረተ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። በ90ዎቹ ታዋቂ ነበር። በ1999 ጂ400 የተባለው ምርቱ በአንድ ካርድ ሁለት ሞኒተር አስኬደ። በ2002 ፓርሄሊያ የተባለችውን ካርድ አወጣ፤ ሦስት ስክሪን ትይዛለች። በዚያው ዓመት ግን የተፎካካሪው ኩባንያ የኤቲአይ ካርድ ራዲዮን 9700 መጣና በጌም አፈር አስጋጣት። ያኔ ነው ብዙ ሰው ማትሮክስን የረሳው።

የሚገርመው ግን በ1998 የወጣው የጂ200 ቺፕ (ምስሉን የሚያሰላው የካርዱ ልብ) ነው። የሱ ዝርያ የብዙ ሰርቨሮች (ሌሎች ኮምፒውተሮችን የሚያገለግሉ ትልልቅ ኮምፒውተሮች) ማዘርቦርድ ላይ ገብቶ ለዓመታት ኖረ። ሰርቨር ስክሪን ሲሰካበት ጽሑፍ ካሳየ ይበቃዋላ! ሰርቨር ነክቶ የሚያውቅ ሰው ሳያውቀው አይቶት ይሆናል።

«የሰው ቺፕ ገዝቶ የሚለጥፍ ለጣፊ ነው»

እውነት ነው፣ ቺፑን ይገዛል። በ2014 ከቺፕ አምራቹ ኤኤምዲ እንደሚገዛ አስታወቀ። ዲ1450 የኤንቪዲያ ቺፕ አለባት። በ2023 የመጣችው ሉማ የምትባል ካርዱ ደግሞ የኢንቴል። ሦስቱንም ቺፕ አምራቾች ዞሯል ማለት ነው። ቺፕ ከዜሮ መንደፍ በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር የሚቆጠር ገንዘብ ይበላል፤ በትንሽ ሽያጭ አይመለስም። ስለዚህ ቦርዱን፣ ማቀዝቀዣውን፣ መሰኪያውን፣ ስክሪኖቹን የሚያስተዳድረውን ሶፍትዌር ይሠራል። ሐረር ጀጎል፣ መኪና ግርግር ያሉት ልብስ ሰፊዎችም ጨርቁን አይሸምኑትም። ማን ነው ለጣፊ የሚላቸው?

«ለዚህች ሜሞሪ ይሄ ሁሉ ብር? ዘረፋ ነው!»

እኔም እንደዚህ ነበር የማስበው። ሉማ ኤ310 4 ጊጋባይት ብቻ ነው ያላት፤ በዚያ ዋጋ የተሻለ የጌም ካርድ ይገኛል። አንድ ደንበኛዬ ለካሜራ ክፍሉ አራት ስክሪን ሲያሠራ የጌም ካርድ ሰካሁለት። ረክሶ ፈጣን፣ ምን ጎደለ? ዓመት ከምናምን ቆይቶ የድሬ አቧራና ሙቀት ፋኑን በላው። ያንኑ ሞዴል ፍለጋ ታይዋን ገበያን አካለልኩ፤ የለም። አዲስ ሞዴል ገዛሁ። ድራይቨሩ (ካርዱን ከኮምፒውተሩ የሚያግባባው ሶፍትዌር) ሌላ ሆነ፣ የስክሪኖቹ ቅደም ተከተል ተዘባረቀ፣ የካሜራው ሶፍትዌር አሻፈረኝ አለ። ሁለት ቀን ሙሉ ካሜራው ሳይታይ ዋለ። የሰማሁትን ስድብ አልጽፈውም።

ድርጅት ብሩን የሚከፍለው ለዚህ ነው። የጌም ካርድ በየሁለት ዓመቱ ገደማ ይቀየራል። ሉማ ግን ለሰባት ዓመት ያህል እንደምትገኝ ቃል ተገብቶላት ነው የምትሸጠው። ዛሬ ሃምሳ ክፍል ያስገጠመ ድርጅት ከአራት ዓመት በኋላ ሃምሳ አንደኛውን በዚያችው ካርድ ያስገጥማል። ኤ310 ደግሞ ፋን ስለሌላት የሚሰበር ፋን የለም። ይሄ ማለት ግን አትሞቅም ማለት አይደለም፤ በግንቦት፣ በተዘጋ ኬዝ ውስጥ ድሬ ላይ አልሞክረውም።

ሕክምናም አለ። የቤልጂጉ ኩባንያ ባርኮ ለራጅ ማንበቢያ ሞኒተሮቹ ካርድ በስሙ ይሸጣል። ተራ ስክሪን 256 ዓይነት ግራጫ ሲያሳይ፣ የነሱ 1,024 ያሳያል። ሐኪሙ የሚፈልገው ትንሽ ጥላ እዚያ መሀል ልትሆን ትችላለች።

«የመሥሪያ ቤት ደንበኛ ያለው ተኝቶ ይበላል»

ማን ተኝቶ! ዛሬ የገዛህ ድርጅት ካርዱ ካልተበላሸ ለዓመታት አይመለስም። እስኪገዛህ ድረስም ወራት ይፈትንሃል። ከገዛ በኋላ መለዋወጫ አስቀምጠህ፣ ስልክ እያነሳህ ትጠብቀዋለህ። ኤንቪዲያና ኤኤምዲም ለድርጅት የሚሆን የራሳቸው ካርድ አላቸው። 3ዲላብስ የሚባል ለባለሙያዎች ካርድ የሚሠራ ኩባንያ ነበር፤ በ2006 ያንን ሥራ ትቶ ወጣ።

ልጁ ካርዷን በሁለት ኪሎ ብርቱካን ዋጋ ሸጠልኝ። ቺፗ የኤኤምዲ ነው። አሁን ሱቄ ውስጥ ሦስት ስክሪን ይዛለች፤ አራተኛውን ሞኒተር ያጣሁት እኔ ነኝ።