ሞለኪውላር ፋርሚንግ ምንድን ነው?

«ከዕፅዋት የተገኘ መድኃኒት» ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ዳማከሴ ወይም ጤና አዳም ነው። ሞለኪውላር ፋርሚንግ ግን ሌላ ነው። ተክሉ በራሱ መድኃኒት አይደለም፤ ለመድኃኒት የሚሆነውን ፕሮቲን ታዝዞ ይሠራል እንጂ።

ትእዛዙን ለማድረስ ብዙ ጊዜ የዕፅዋት ቫይረስ ይመረጣል። ቫይረስ ሲፈጥረው አዛዥ ነው፤ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ «የኔን ፕሮቲን ሥራ» ይላል። ሳይንቲስቶች ከትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስ ላይ ቅርፊቱን የሚሠራውን ዘረ መል ያነሡና የመድኃኒቱን ይተኩበታል። ቅርፊቱን ያጣ ቫይረስ እንደ ልቡ አይዛመትም። ማዘዙን ግን አይተውም።

ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ተክል ኒኮቲያና ቤንታሚያና ይባላል፤ አውስትራሊያ የሚበቅል የትምባሆ ዘመድ ነው። ቫይረስ የመከላከል አቅሙ ደካማ ነው። ለዚህ ሥራ የተፈለገውም ለዚሁ ነው! ተክሉ ተዘቅዝቆ ቅጠሉ ባክቴሪያ ያለበት ፈሳሽ ውስጥ ይነከራል። አየሩ በፓምፕ ሲመጠጥ ከቅጠሉ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። አየር መልሶ ሲለቀቅ ፈሳሹ ወደ ቅጠሉ ይሰርጋል። አግሮባክቴሪየም የሚባለው ይህ ባክቴሪያ ዘረ መል ወደ ተክል ሕዋስ ማስገባት ተፈጥሮው ነው፤ የተቀየረውን ቫይረስ ተሸክሞ የሚገባው እሱ ነው። ከሳምንት ገደማ በኋላ ቅጠሉ ታጭዶ ይፈጫል። ከዚያ ማጣራቱ ይቀጥላል፤ ወጪው የሚከብደውም እዚያ ላይ ነው።

በ2014 እ.ኤ.አ. ላይቤሪያ ውስጥ በኢቦላ የተያዙ ሁለት አሜሪካውያን ዚማፕ የተባለ መድኃኒት ወስደው ዳኑ። በኬንታኪ፣ ኦዌንስቦሮ ከተማ፣ በዚሁ ተክል የተመረተ የሦስት አንቲቦዲዎች (ተህዋሲን የሚይዙ የመከላከያ ፕሮቲኖች) ድብልቅ ነበር። ወሬው ዓለምን አዳረሰ፤ የነበረውም ወዲያው አለቀ። ግን ሁለት ሰው ስለዳነ ብቻ መድኃኒቱ ሠራ አይባልም። በ2018 ኮንጎ ውስጥ በተጀመረው ሙከራ ዚማፕ ከወሰዱት ግማሽ ያህሉ ሞቱ። ከሌሎች ሁለት የአንቲቦዲ መድኃኒቶች አንዱን ከወሰዱት የሞቱት ግን ሲሶ ገደማ ናቸው። ዚማፕ ተሸነፈ። እኔ ግን ጥፋቱን በቅጠሉ አላላክክም፤ የተወዳደሩት አንቲቦዲዎቹ ናቸው።

ደግሞ ዕፅዋት ገበያ የደረሰ መድኃኒት ሰጥተዋል። ፕሮታሊክስ የተባለው የእስራኤል ኩባንያ ለጎሸ በሽታ (አንድ ኢንዛይም ስለሚጎድል ለሚመጣ የዘር በሽታ) የሚሆን ኢንዛይም በካሮት ሕዋስ ያመርታል፤ አሜሪካ በ2012 ፈቅዳዋለች። ካሮት በመብላት ግን አይገኝም፤ በመርፌ ነው የሚሰጠው። ቫይረስም ሆነ ማሳ የለበትም፤ ሕዋሶቹ የሚያድጉት በትልልቅ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ነው።