ምንጭ ማጎልበት፦ ከምንጩ ዐይን እስከ ጀሪካኑ

ምንጭ ማጎልበት ማለት ከመሬት በራሱ ገፍቶ የሚወጣን ውሃ ገና ከዐይኑ ሳይርቅ በግንብ ይዞ፣ ሳይበከል በቧንቧ ወደ ተጠቃሚው ማድረስ ነው። ጥቂት መቶ ሰው ለሚኖርበት የገጠር መንደር በወጪም በጥገናም ከሚቀሉት የመጠጥ ውሃ ዘዴዎች አንዱ ነው። ምንጩ ከመንደሩ ከፍ ብሎ ከተገኘ ፓምፕም ነዳጅም አያስፈልግም፤ ውሃው በገዛ ክብደቱ ይወርዳል።

ውሃ በአፈርና በአሸዋ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲያልፍ ይጣራል። ስለዚህ የምንጭ ውሃ ብዙውን ጊዜ የሚበከለው ከወጣ በኋላ ነው፤ በከብት እግር፣ በጎርፍ፣ በሚቀዳበት ዕቃ፣ በእጅ። የግንባታው ሥራም ንጹሑን ውሃ እንደመጣ ማቆየት ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው የሚያምር ግንብ ሠርቶ የቆሸሸ ውሃ ሊያጠጣ ይችላል፤ ከዐይኑ በላይ ያለውን መሬት ትቶ ከዐይኑ በታች ያለውን ብቻ ያሳምራልና።

ምንጩን መምረጥና መለካት

የመጀመሪያው መረጃ ያለው ውሃ በሚቀዱ ሴቶችና በእረኞች ዘንድ ነው። የትኛው ምንጭ በየትኛው ክፉ ዓመት እንደነጠፈ፣ የትኛው ዝናብ በዘነበ ማግስት እንደሚደፈርስ ያውቃሉ። ከዚያ በኋላ ልኬት ይመጣል። ልኬቱ የሚወሰደው በበጋው ማብቂያ፣ ዝናብ ሊገባ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ነው። ውሃው በጭቃ ሸክላ ለጊዜው ይገደብና አጭር ቧንቧ ይሻጥበታል፤ 20 ሊትር የሚይዝ ባልዲ በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ይቆጠራል። ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ተደጋግሞ አማካዩ ይያዛል። ዐይኑ ከአንድ በላይ ከሆነ እያንዳንዱ ለብቻው ይለካል።

ባልዲው በ100 ሰከንድ ሞላ እንበል። ይህ በሰከንድ 0.2 ሊትር፣ በቀን 17,280 ሊትር ነው። ዛሬ 400 ሰው ላለበት መንደር ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ቢታሰብ የሚያስፈልገው 10,000 ሊትር ስለሆነ የተትረፈረፈ ይመስላል። ግን ሕዝቡ በዓመት 2.5 በመቶ ቢጨምር ከ15 ዓመት በኋላ 580 ያህል ይደርሳል፣ ፍላጎቱም ወደ 14,500 ሊትር ከፍ ይላል። በመስመር ላይ በሚፈስሰውና በሚባክነው ምክንያት 15 በመቶ ሲታሰብ ከምንጩ 17,000 ሊትር ገደማ መውጣት አለበት። ስለዚህ ምንጩ የበቃው ለጥቂት ነው። ይኸው ምንጭ በክረምት ማግስት ቢለካ ሦስት እጥፍ ሊያሳይ ይችላል፤ በዚያ ቁጥር ተማምኖ መስመሩን ወደ ሁለተኛ መንደር የሚዘረጋ ሰው በበጋ ሁለቱንም መንደር ያጣላል።

ሌላው ጥያቄ ውሃው በእርግጥ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ምንጭ የሚመስለው አንዳንዴ ከላይ ድንጋይ ስር ገብቶ የጠፋ ጅረት እንደገና ብቅ ያለበት ቦታ ነው። ሽቅብ ተከትሎ እውነተኛውን ዐይን መፈለግ ያስፈልጋል። ከባድ ዝናብ በዘነበ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የሚደፈርስ ወይም ድንገት የሚበዛ ምንጭ የገጸ ምድር ውሃ በስንጥቅ እየገባበት ነው፤ በተለይ የኖራ ድንጋይ ባለበት አካባቢ ይህ የተለመደ ነው። እንዲህ ያለውን ምንጭ ያለ ሕክምና ማጠጣት አይገባም።

የኬሚካል ምርመራ ከግንባታ በፊት ይደረግ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለፍሎራይድ 1.5፣ ለአርሴኒክ 0.01፣ ለናይትሬት 50 ሚሊግራም በሊትር ያስቀምጣል። ፍሎራይድም ሆነ አርሴኒክ በማፍላት አይወገድም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው ውስጥ መጠኑ ይጨምራል እንጂ። ስሚንቶ ከፈሰሰ በኋላ የሚመጣ መጥፎ ውጤት ለማንም አይጠቅምም።

ከምንጩ በታች ያሉ ከብት አጠጪዎችና መስኖ ተጠቃሚዎችም ከጅምሩ ይጠየቁ፤ የምንጩ ቦታ ባለይዞታ ካለው ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን። ውሃቸው የተወሰደባቸው ሰዎች ቧንቧውን ቢቆርጡ የቴክኒክ ችግር ተብሎ አይመዘገብም፣ መንደሩን ግን እኩል ያስጠማል።

የዐይኑ ግንባታ

ቁፋሮው ከታች ወደ ኮረብታው እየተጠጋ ውሃውን ይከተላል፤ ውሃው ከጠንካራ ንብርብር ወይም ከንጹሕ ጠጠር ሲወጣ እስኪታይ ድረስ። ውሃው ብዙውን ጊዜ ምንጩን ተሸክሞ ከያዘው ውሃ የማያሳልፍ ንብርብር በላይ ነው የሚሄደው። ይህን ወለል በዶማ የበሳ ቆፋሪ ምንጩን ወደ ታች ይሰድደዋል፣ መመለሻም የለውም። ድማሚት መጠቀምም እንዲሁ ዓለቱን ሰንጥቆ ውሃውን ወደማይታወቅ ቦታ ሊወስደው ይችላል። ሥራው እስኪያልቅ ውሃው በነጻ የሚወጣበት መንገድ ክፍት መሆን አለበት።

ከዐይኑ በታች ያለው ግድግዳ እግሩ ውሃ የማያሳልፈው ሸክላ ወይም ዓለት ውስጥ ይገባል፣ ክንፎቹም በግራና በቀኝ ወደ ኮረብታው ይዘልቃሉ። በኮረብታው በኩል ያለው ጎን አይገነባም፤ ውሃው የሚገባው በዚያ ነው። ከግድግዳው ጀርባ፣ ዐይኑ ላይ በውሃ የታጠበ ትልልቅ ድንጋይ፣ ከበላዩ እየደቀቀ የሚሄድ ጠጠር ይደረደራል። ከዚያ ጠንካራ ፕላስቲክ ይነጠፍና እርጥብ ሸክላ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር እየሆነ በየንብርብሩ ይደቀደቃል፤ በመጨረሻም አፈርና ሣር። ከላይ የተዘጋው ቦታ የዝናብ ውሃ እንዳያቁር ወደ ውጭ ማዘንበል አለበት።

በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው ትርፍ ውሃ ማስወጫው ነው። ይህ ቧንቧ ውሃው በተፈጥሮ ከሚወጣበት ከፍታ በታች መቀመጥ አለበት። ከዚያ ከፍ ካለ፣ ግድግዳው ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ዐይኑን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ምንጭ ሲታፈን ቀላሉን መንገድ ይፈልጋል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግንቡን ትቶ ከጎን ወይም ከታች ይፈነዳል። ብዙ ጊዜ «ምንጩ ደረቀ» ተብሎ ከተተወ ግንብ ጥቂት ሜትር ራቅ ብሎ አዲስ ረግረግ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። የማስወጫው ስፋት የበጋውን ሳይሆን የክረምቱን ከፍተኛ ፍሰት ማሳለፍ የሚችል ይሁን፤ አፉም እንቁራሪትና አይጥ እንዳይገቡበት በወንፊት ሽቦ ይሸፈን። ውሃ ተጠራቅሞ ይጨምር እያለ ይህን ቧንቧ በእንጨት የሚወትፍ ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። ለምን እንደማይወተፍ ለመንደሩ ሁሉ፣ ልጆችን ጨምሮ፣ ቦታው ላይ አሳይቶ ማስረዳት ከአንድ ኩንታል ስሚንቶ ይበልጣል።

ከግድግዳው ቀጥሎ ያለው ሳጥን አሸዋና ደለል የሚያስቀር ነው። ወደ መስመር የሚሄደው ቧንቧ ከወለሉ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ወንፊት ይገጠምለታል፤ ዝቃጭ ማስወጫው ግን ወለሉ ላይ ይሆናል። ክዳኑ ከጣሪያው ከፍ ያለ፣ ጠርዙ ወደ ውጭ የሚታጠፍና በቁልፍ የሚዘጋ ይሁን። ለኮንክሪቱ አንድ ስሚንቶ፣ ሁለት አሸዋና አራት ጠጠር፤ ለልስኑ አንድ ስሚንቶና ሦስት አሸዋ የተለመደ ልክ ነው። ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ እየጠጣ ካልቆየ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁም የውጭ ውሃ ይገባል።

ከዐይኑ በላይ ከ8 እስከ 10 ሜትር ርቀት ላይ ጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈርና ቦታው ይታጠራል። መጸዳጃ ቤት ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ከምንጩ በላይ በኩል ደግሞ ጨርሶ አይቆፈር። በአጥሩ ውስጥ ሣር እንጂ ዛፍ አይተከልም፤ ሥሩ ግንቡን ይሰነጥቃል።

ማጠራቀሚያ፣ መስመርና ቦኖ

ምንጭ ሌሊቱን ሙሉ ይፈስሳል፣ ሰው ግን የሚቀዳው ጠዋትና ማታ ነው። በሰከንድ 0.2 ሊትር የሚሰጥ ምንጭ አሥር ሰዓት በሚፈጅ ሌሊት 7,200 ሊትር ያመጣል፤ ስለዚህ 8 ሜትር ኩብ የሚይዝ ማጠራቀሚያ ለምሳሌያችን መንደር ይበቃል። ያለ ማጠራቀሚያ ይህ ውሃ በከንቱ ያልፋል፤ ጠዋት ደግሞ ሰልፉ ይረዝማል።

ውሃ 10 ሜትር በወረደ ቁጥር ግፊቱ አንድ ባር ያህል ይጨምራል። ቧንቧ የሚፈነዳው ብዙ ጊዜ ውሃው ሲሄድ ሳይሆን ሌሊት ቦኖዎቹ ሁሉ ተዘግተው ግፊቱ ሙሉ ሲሆን ነው። ስድስት ባር የሚችል የፕላስቲክ ቧንቧ 60 ሜትር፣ አሥር ባር የሚችለው 100 ሜትር ከፍታ ይሸከማል። ልዩነቱ ከዚህ ከበለጠ መሃል ላይ ግፊት መስበሪያ ሳጥን ይሠራል። መስመሩ ኮረብታ በሚወጣበት ከፍተኛ ነጥብ አየር ስለሚቋጠር አየር ማስወጫ፣ በዝቅተኛው ነጥብ ደለል ስለሚተኛ ማጠቢያ ቫልቭ ይገጠማል። ቧንቧው ቢያንስ 80 ሴንቲ ሜትር ይቀበር፤ ከስሩ ሹል ድንጋይ አይኑር፤ ጉድጓዱ ሳይሞላ በፊት በግፊት ተፈትኖ ማያያዣዎቹ ሁሉ በዓይን ይታዩ። ፀሐይ ላይ የቀረ ፕላስቲክ ቶሎ ይሰባበራል።

በአስቸኳይ ጊዜ መመዘኛዎች አንድ የቦኖ ቧንቧ እስከ 250 ሰው ያገለግላል፤ ርቀቱ ከ500 ሜትር፣ የሰልፉ ጊዜ ከ30 ደቂቃ አይበልጥም። ለቋሚ መንደር ከዚህ የተሻለ መታሰብ አለበት። የቦኖው ወለል ተዳፋት ኖሮት የፈሰሰው ውሃ በቦይ ወደ ከብት ገንዳ ወይም ወደ አትክልት ይሂድ፤ ያቆረ ጭቃ የወባ ትንኝ ማራቢያ ነው።

ማከምና መመርመር

አዲስ ግንባታ ወይም ተከፍቶ የተጠገነ ማጠራቀሚያ ከአገልግሎት በፊት ይታከማል። የሚፈለገው 50 ሚሊግራም ክሎሪን በሊትር ነው፤ ለ8 ሜትር ኩብ 400 ግራም ክሎሪን ማለት ነው። ዱቄቱ 65 በመቶ ክሎሪን ከሆነ 615 ግራም ይመዘናል። ባልዲ ውሃ ውስጥ ዱቄቱ ይጨመራል እንጂ ዱቄቱ ላይ ውሃ አይፈስም፤ ጓንት፣ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛና መነጽር ይደረግ። ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ይለቀቃል፤ ዓሣ ወዳለበት ጅረት ግን አይደፋም። በዚህ ጊዜ ቦኖዎቹ ተዘግተው ሰው እንዳይቀዳ ይነገር።

የዘወትር ሕክምና ካስፈለገ ልኩ የሚገኘው በሙከራ ነው። ከ15 ግራም ዱቄትና ከአንድ ሊትር ውሃ 1 በመቶ የሚሆን ፈሳሽ ይዘጋጃል። አራት ባለ 20 ሊትር ባልዲዎች ይሞሉና 1፣ 1.5፣ 2 እና 2.5 ሚሊ ሊትር በየተራ ይጨመርባቸዋል። ከ30 ደቂቃ በኋላ ውሃው ውስጥ የቀረው ክሎሪን ተለክቶ 0.5 ሚሊግራም በሊትር አካባቢ ያሳየው ባልዲ ይመረጣል፤ ቦኖው ላይ ከ0.2 በታች መውረድ የለበትም። በጣም የደፈረሰ ውሃ ክሎሪኑን ስለሚበላ አስቀድሞ መርጋት ወይም መጣራት አለበት። ዱቄቱ ራሱ እርጥበትና ሙቀት ሲነካው ይደክማል፤ ክዳኑ ተከፍቶ የከረመን ጣሳ መለያውን አይቶ መመዘን ያሳስታል።

በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ኢ.ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ አንድም መገኘት የለበትም። ናሙና ከዐይኑ፣ ከቦኖውና ከቤት ውስጥ ዕቃ ቢወሰድ ብክለቱ የት እንደገባ ይለያል። ዐይኑም ቦኖውም ንጹሕ ሆነው የቤቱ ውሃ ብቻ ከተበከለ ጥፋቱ የጀሪካኑ ነው። የጀሪካን ውስጥ አረንጓዴ ልባስ በሳሙናና በጥቂት ንጹሕ ጠጠር ተንጦ ይታጠባል፤ ክዳን የሌለው ጀሪካን ለመጠጥ አይሁን። ሰፊ አፍ ባለው ዕቃ ውስጥ ኩባያ ከነእጅ መስመጥ የሁሉንም ልፋት በአንድ ጊዜ ያፈርሳል።

ክትትልና ብልሽት

አብዛኛው ብልሽት ትንሽና ርካሽ ነው። የቦኖው ጎሚኒ (ውሃውን የሚዘጋው ላስቲክ) ያልቃል፤ በደቂቃ አንድ ሊትር የሚያፈስ ቧንቧ በቀን 1,440 ሊትር፣ በ25 ሊትር ሒሳብ የ57 ሰው ውሃ ያባክናል። ጎሚኒው ከተጠቃሚው በሚሰበሰብ መዋጮ አስቀድሞ ተገዝቶ ከተቀመጠ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ካልተቀመጠ ቧንቧው በጎማ ይታሰራል፣ ከዚያም ይሰበራል። የውሃ ኮሚቴው ሳጥን ውስጥ ጎሚኒ፣ ቴፍሎን፣ ሁለት ትርፍ ቧንቧ፣ ማያያዣዎች፣ መጋዝና የቧንቧ መፍቻ አይታጣ። መፍቻውን የያዘው ሰው ከመንደሩ ሲርቅ የሚተካው ሌላ የሠለጠነ ሰው ይኑር።

በየሳምንቱ አጥሩና ጎርፍ መቀልበሻው ይታያል፤ በየወሩ ፍሰቱ በዚያው ባልዲ ተለክቶ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ በየስድስት ወሩ ሳጥኑና ማጠራቀሚያው ደለላቸው ወጥቶ ይታጠባሉ። ከዝናብ ወራት በፊት ቦይ መጥረግ አይዘለልም።

ቦኖ ላይ ውሃ ሲያንስ ቁፋሮ ከመጀመር በፊት ወደ ዐይኑ ወጥቶ ትርፍ ውሃ ማስወጫውን ማየት ነው። በማስወጫው ውሃ እየወጣ ቦኖው ከደረቀ ችግሩ መስመሩ ላይ ነው፤ ወንፊቱ ተደፍኗል፣ አየር ተቋጥሯል ወይም ቧንቧ ተሰብሯል፤ የመስመሩን መንገድ ተከትሎ ያለቦታው የለመለመ ሣር መፈለግ ይረዳል። ማስወጫውም ከደረቀ የወሩ መዝገብ ይገለጥ። ፍሰቱ በየበጋው እንደሚሆነው ቀስ በቀስ የወረደ ከሆነ ወቅቱ ነው፤ ድንገት የወረደ ከሆነ ግን በግድግዳው እግርና ክንፎች ዙሪያ እርጥበት ይፈለጋል። እርጥበቱ በተገኘበት በኩል ተቆፍሮ፣ ውሃው ለጊዜው በሌላ ቧንቧ እንዲወጣ ተደርጎ፣ የግድግዳው እግር እስከ ጠንካራው ንብርብር ወርዶ ይገነባል። ውሃው በሚወጣበት ጉድጓድ አፍ ላይ ብቻ ስሚንቶ መለጠፍ ምንጩን ከሌላ ጎን እንዲፈነዳ ያደርገዋል።