«ከፍተኛ አደጋ» የተባለ ግድብ ሊፈርስ ነው ማለት ነው?

በአሜሪካ በግል መሬት ላይ ለዋናና ለዓሣ ማጥመጃ የተሠራ ትንሽ የአፈር ግድብ «ከፍተኛ አደጋ» ከሚባለው ምድብ ሲገባ ብዙዎች ይደነግጣሉ። ምድቡ ግን ስለ ግድቡ ጥንካሬ ምንም አይናገርም። ጥያቄው አንድ ነው፦ ግድቡ ቢደረመስ የሰው ሕይወት ይጠፋል ወይ? ስለዚህ እንከን የሌለው ግድብም ከሥሩ መኖሪያ ቤት ካለ «ከፍተኛ» ይባላል፤ የተጎዳው ደግሞ ከሥሩ ባዶ ሜዳ ከሆነ «ዝቅተኛ» ሊባል ይችላል። የግድቡ ጥንካሬ የሚመዘነው ለብቻው ነው።

ባለቤቶችን የሚያናድደው ግድቡ ሳይነካ ምድቡ መለወጡ ነው። ከታች ሰው ቤት ሲሠራ ቁጥጥሩ ይጠብቃል፣ የጥገናው ወጪም በአብዛኛው በባለቤቱ ላይ ይወድቃል። ቅሬታቸው ይገባኛል፤ ቢሆንም ደንቡ ትክክል ነው እላለሁ። በአሜሪካዋ የጆርጂያ ግዛት፣ ቶኮዋ ከተማ አጠገብ የነበረው የኬሊ ባርንስ የአፈር ግድብ የአንድ ኮሌጅ ንብረት ነበር። መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ያመነጭ ነበር፤ በኋላ ሐይቁ ለመዝናኛ ብቻ ቀረ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 6 ቀን 1977 ሌሊት፣ ከብርቱ ዝናብ በኋላ ተደርምሶ ከሥሩ የተኙ 39 ሰዎችን ገደለ። ጆርጂያ የግድብ ደኅንነት ሕግ ያወጣችው በማግሥቱ ዓመት ነው።

ምድቡ ምንም ይሁን ምን፣ ባለቤቱ ከግድቡ ግርጌ የሚሰርገውን ውሃ ይመልከት። ጥርት ያለና መጠኑ የማይጨምር ከሆነ ክትትል ያስፈልገዋል። ደፍርሶ ከወጣ ግን አፈሩ ከውስጥ እየተሸረሸረ ሊሆን ስለሚችል መሐንዲስ ወዲያው ይጠራ፤ ከታች ያሉ ነዋሪዎችም ይነገራቸው።